ክሪስቶፈር ሂንተንና የአቶም ኃይል ጣቢያዎች ዕድሜ

ከሰው እጅ የወጣ ሥራ ሁሉ ዕድሜ አለው። ቤቱም፥ ድልድዩም፥ መርከቡም የሚያገለግልበት ዘመን ተለክቶለታል፤ ዘመኑ ሲደርስ ወይ ይታደሳል፥ ወይ ይፈርሳል። ነገር ግን ይህን ዕድሜ የሚወስነው ማን ነው? አስቀድሞ በወረቀት ላይ ቁጥር የጻፈው መሐንዲስ ነውን? ወይስ ከእርሱ በኋላ ሥራውን ተረክቦ የሚጠብቀው ሰው ነው? ጥያቄው ከምንም ይልቅ የሚከብደው በአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ ጣቢያዎች ላይ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ሲታነጹ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈጃሉ፤ ያለ ጊዜያቸው ቢዘጉ የአገር ሀብት ይባክናል፥ ከጊዜያቸው አልፈው ቢሠሩም በሕዝብ ላይ አደጋ ሊያደርሱ ይችላሉ።

ጎረቤት አገር ኬንያ ይህን ጉዳይ ማጥናት ከጀመረች ቆይታለች። በዋና ከተማዋ በናይሮቢ በ2010 የአቶም ኤሌክትሪክን ነገር የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው በ2012 ወደ ቦርድነት ተለወጠ፤ በ2019 በወጣው የኃይል ሕግ ደግሞ ቦርዱ ራሱን የቻለ የኑክሌር ኃይል መሥሪያ ቤት ሆነ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም ወጣቶችን በዚህ ጥበብ ያስተምራል። ጣቢያው ገና አልተሠራም። ቢሆንም በዚህ ዘመን የሚታቀድ የአቶም ጣቢያ 60 ዓመት ያህል እንዲያገለግል ተብሎ ስለሚነደፍ፥ ዛሬ በናይሮቢ ፕላኑን ከሚያጠኑት ሰዎች መካከል ጣቢያው ሲዘጋ ለማየት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ረጅም ሥራ ለሚያስብ ሁሉ፥ በኢንዱስትሪ ደረጃ የመጀመሪያ የሆነውን የአቶም መብራት ጣቢያ ያሠራው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የክሪስቶፈር ሂንተን ታሪክ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስቶፈር ሂንተን የተወለደው ናይሮቢ የምድር ባቡር ሠፈር ሆና በተቆረቆረች በሁለተኛው ዓመት፥ ሜይ 12 ቀን 1901 ነው። የትውልድ ስፍራው በእንግሊዝ አገር፥ ዊልትሺር በሚባለው አውራጃ የምትገኘው ቲስበሪ ናት። አባቱ የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ልጁ በመምህር ቤት ስላደገ ለመጽሐፍ እንግዳ አልነበረም፤ ሆኖም ልቡ ያዘነበለው ወደ መኪናና ወደ ብረት ሥራ ነበር። ስለዚህ በ16 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በስዊንደን ከተማ በሚገኘው በታላቁ የምዕራብ ምድር ባቡር ፋብሪካ በተለማማጅነት ገባ። በዚያም የብረትን ጠባይ በመዶሻና በሞረድ ተማረ። ብረት ሲግል እንዴት እንደሚለጠጥ፥ ሲደክም እንዴት እንደሚሰነጠቅ፥ ብሎን ሲላላ ማሽኑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ አየ። ይህ በእጅ የተገኘ ዕውቀት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ሂንተን 22 ዓመት ሲሆነው የመሐንዲሶች ማኅበር ለጎበዝ ተለማማጆች የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል በውድድር አገኘና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፥ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ሌሎች በሦስት ዓመት የሚጨርሱትን የመሐንዲስነት ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ በአንደኛ ማዕረግ ፈተናውን አለፈ፤ ሦስተኛውንም ዓመት ለምርምር አዋለው። ከዚያም በ1926 ወደ ኬሚካል ኢንዱስትሪ ገባ። ሥራን አስቀድሞ የሚያሰላ፥ ቀን የሚቆርጥ፥ በቆረጠውም ቀን የሚፈጽም ሰው ሆኖ ስለተገኘ፥ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የአንድ ትልቅ ክፍል ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥት ጠራው። ቦምብና ጥይት በባሩድ የሚሞሉትን ፋብሪካዎች ከሚመሩት ከፍተኛ ባለሥልጣኖች አንዱ ሆነ። በእንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቸልታ የብዙ ሰው ሕይወት ታጠፋለች፤ ስለዚህ ሂንተን በሥራ ጥብቅ፥ በስሕተት ላይ የማይራራ ሰው ሆነ። ጦርነቱ አልቆ በ1946 የእንግሊዝ መንግሥት የአቶምን ኃይል ለማምረት በቆረጠ ጊዜ፥ ፋብሪካዎቹን የማሠራቱ ኃላፊነት ለእርሱ ተሰጠ። ሪዝሊ በምትባል ስፍራ፥ ከጦርነቱ በተረፈ በአሮጌ የመሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ፥ ጥቂት ሰዎች ይዞ ሥራውን ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስፕሪንግፊልድስ ላይ የዩራኒየም ፋብሪካ፥ ዊንድስኬል ላይ ሁለት የአቶም ምድጃዎች፥ ኬፕንኸርስት ላይ ዩራኒየም የሚጣራበት ትልቅ ፋብሪካ ቆመ። ዋናው ዓላማ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ነገር ማምረት እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም።

ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ የመጣው ኮልደር ሆል ነው። ሥራው የተጀመረው በ1953፥ በዊንድስኬል አጠገብ ነው። በዚህም ስፍራ ለጦር መሣሪያ የሚሆነው ፕሉቶኒየም ዋናው ምርት ሲሆን፥ ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት እንዲሁ እንዳይባክን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታሰበ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዩራኒየሙ በማግኒዝየም ቅይጥ ተሸፍኖ፥ ግራፋይት በሚባለው፥ በእርሳስ ውስጥ በሚገኘው ጥቁር ነገር በተገነባ ክምር ውስጥ ይገባል። ክምሩ በወፍራም የአረብ ብረት ጋን ውስጥ ይቀመጣል። የዩራኒየሙ አቶም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይወጣል፤ ካርቦን ዳዮክሳይድ የሚባለው አየር በክምሩ ውስጥ እያለፈ ሙቀቱን ይቀበልና ውሃ ያፈላበታል፤ እንፋሎቱም ተርባይኑን ያዞራል። ጣቢያው ሦስት ዓመት ብቻ ፈጅቶ ተሠራ፤ ኦክቶበር 17 ቀን 1956 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት መርቀው ከፈቱት። ከዚያ በፊት በ1954 ሶቪየት ኅብረት ኦብኒንስክ ላይ ትንሽ የአቶም መብራት ጣቢያ አቁማ ነበር፤ በኢንዱስትሪ ደረጃ ለሕዝብ ኤሌክትሪክ በመስጠት ግን ኮልደር ሆል የመጀመሪያው ሆነ። እስከ 1959 አራት ምድጃዎች ተሟሉለት።

መሐንዲሶቹ ለኮልደር ሆል የሰጡት ዕድሜ 20 ዓመት ነበር። ይህ ቁጥር ከምን መጣ? ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ጣቢያ አርጅቶ ያየ ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ለጥንቃቄና ለሒሳብ ተብሎ የተቆረጠ እንጂ በተፈጥሮ ሕግ የተገኘ ወሰን አልነበረም። የሒሳቡ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። በከሰል በሚሠራ ጣቢያ ትልቁ ወጪ በየቀኑ የሚቃጠለው ከሰል ነው፤ በአቶም ጣቢያ ግን ትልቁ ወጪ ገና መብራት ሳይበራ ለግንባታው የሚወጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በ20 ዓመት ሲከፋፈልና በ40 ዓመት ሲከፋፈል የኤሌክትሪኩ ዋጋ አንድ አይሆንም። የአቶም ጣቢያ ከርካሽነት የሚደርሰው ዕዳውን ከፍሎ ሲያበቃ፥ በእርጅናው ዘመን ነው። የጣቢያዎችን ዕድሜ የማስረዘም ፍላጎት ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ይነሣል፤ አደጋውም የሚነሣው ከዚሁ ነው፥ ትርፍ ያለበት ነገር ዓይንን ይጋርዳልና።

ቁጥር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ግን በኮልደር ሆል ጎረቤት ታየ። በ1957 ሂንተን ወደ ሌላ ሹመት በተዛወረበት ዓመት፥ ኦክቶበር ላይ፥ እርሱ ባሠራቸው በዊንድስኬል ምድጃዎች በአንደኛው ውስጥ እሳት ተነሣ። ግራፋይት በኒውትሮን ሲደበደብ በውስጡ ኃይል ያጠራቅማል፤ ይህን የተጠራቀመ ኃይል በየጊዜው በማሞቅ ቀስ ብሎ ማስወጣት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሙቀቱ ከልክ አለፈና ዩራኒየሙ ነደደ። መርዛማው ነገር ከጭስ ማውጫው ወጥቶ በአገሩ ላይ ስለ ወረደ፥ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ስፍራ የላም ወተት ተከልክሎ ተደፋ። ሁለቱም ምድጃዎች ዳግመኛ ሥራ ሳይጀምሩ ቀሩ፤ ዕድሜያቸው ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። በአንድ ስፍራ፥ በአንድ መሐንዲስ አመራር ከቆሙት ሥራዎች አንደኛው በሕፃንነቱ ሲቀጭ፥ ሁለተኛው እስከ ሽምግልና ደረሰ። ከዚህ ቃጠሎ በኋላ በ1959 ሕግ ወጣና የአቶም ጣቢያዎችን የሚቆጣጠሩ፥ ከአምራቾቹ የተለዩ መርማሪዎች ተሾሙ።

የአቶም ጣቢያ ምኑ ነው የሚያረጀው? ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ቢነጻጸር ነገሩ ይገለጣል። በአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ጣቢያ በ1970 ሥራውን አቁሞ ከ40 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፥ ማሽኖቹ ተለውጠው ዳግመኛ መብራት ሰጠ፤ ወንዙ አያረጅምና። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ፥ ኦልካሪያ ላይ፥ ከምድር በሚወጣ እንፋሎት የሚሠራው የመጀመሪያ ጣቢያ ከ1981 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በተተከሉ ሦስት ማሽኖች 45 ሜጋ ዋት እየሰጠ ከ30 ዓመት በላይ አገለገለ፤ ማሽኖቹ ሲያረጁም እነርሱን በሚበልጡ ለመተካት ተወሰነ፤ የምድር ሙቀት አላለቀምና። በአቶም ጣቢያም ተርባይኑ፥ ፓምፑ፥ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። የማይለወጠው ምድጃውን የያዘው የብረት ጋንና፥ እንደ ኮልደር ሆል ባሉት ጣቢያዎች ደግሞ ግራፋይቱ ነው። ብረቱ ለብዙ ዓመት በኒውትሮን ሲደበደብ መለጠጥን እየተወ እንደ ሸክላ የመሰበር ጠባይ ያመጣል። ግራፋይቱም በዚያ አየርና በጨረሩ ኃይል እየተበላ ክብደቱ ይቀንሳል፥ ቅርጹም ይለወጣል። የጣቢያው እውነተኛ ዕድሜ የእነዚህ የሁለቱ ዕድሜ ነው።

ይህን እርጅና ለመለካት መሐንዲሶች አንድ ብልሃት አገኙ። ጋኑ ከተሠራበት ከዚያው ብረት ትንንሽ ቁራጮች ቆርጠው፥ ጣቢያው ሥራ ሲጀምር በምድጃው ውስጥ ያስቀምጣሉ። በየጥቂት ዓመቱ አንዳንዱን አውጥተው በመዶሻ መትተው ይሰብሩታል፤ ከስብራቱም የጋኑን ብርታት ያውቃሉ። እንግዲህ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪ የሚያስፈልገውን ምስክር የሚያስቀምጥለት ከ40 ዓመት በፊት የነበረው ሠሪ ነው። ሠሪው ይህን ቢረሳ፥ ወይም ምን እንዳስቀመጠ በጥንቃቄ ጽፎ ባያኖር፥ ተተኪው በጨለማ ይዳክራል።

ሂንተን በ1957 የተሾመው የእንግሊዝንና የዌልስን ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው ማዕከላዊ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኖ ነው። መንግሥት በዚያው ዓመት የአቶም ጣቢያዎችን ዕቅድ ሦስት እጥፍ አሳድጎ ነበር። የአቶምን መብራት ለእንግሊዝ ያስተዋወቀው ሰው የአቶምን ነገር ከልክ በላይ ያሞግሳል ተብሎ ቢጠበቅም፥ እርሱ ግን ቁጥሩን አስልቶ በዚያን ጊዜ የከሰሉ ኤሌክትሪክ ከአቶሙ እንደሚረክስ በግልጽ አስታወቀ፤ ዕቅዱም ረጋ እንዲል መከረ። ይህን ማድረጉ በባለሥልጣኖች ዘንድ ወዳጅ አላበዛለትም። ነገር ግን የገዛ ልጁን ጉድለት የሚያይ አባት ብርቅ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የገዛ ሥራውን ያለ አድልዎ የሚመዝን መሐንዲስም ብርቅ ነው።

ጥንቃቄው ትክክል እንደ ነበረ የኋላው ዘመን አሳየ። በእርሱ የሰብሳቢነት ዘመን፥ በ1962 ሥራ የጀመሩት የበርክሊና የብራድዌል ጣቢያዎች፥ ከእነርሱም በኋላ የተከተሉት ወንድሞቻቸው ብዙ ዓመት ሳይቆዩ አንድ ችግር ታየባቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፥ ሞቃቱ ካርቦን ዳዮክሳይድ በምድጃው ውስጥ ያሉትን የብረት ብሎኖች ከተገመተው በላይ እያዛገ እንደሚበላ ተገኘ። ብሎኖቹን ሁሉ ማውጣትና መለወጥ አይቻልም ነበር። መሐንዲሶቹ የወሰዱት መፍትሔ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ሆነ፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ዝገቱም ይዘገያል፥ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ግን ያንሳል። የዛሬውን ትርፍ በከፊል ትተው የነገውን ዕድሜ ገዙ ማለት ነው። ሸክሙ የቀለለለት በቅሎ ሩቅ ይሄዳል።

ሂንተን በ1964 ከቦርዱ ተሰናበተ። በ1965 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ከዚያም በኋላ የዓለም ባንክ አማካሪ፥ የባዝ ዩኒቨርሲቲም ቻንስለር ሆነ። በ1976 የእንግሊዝ ታላላቅ መሐንዲሶች ጉባኤ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እንዲሆን መረጡት። በሽምግልናው ዘመን አብዝቶ ያስብለት የነበረው ነገር የመሐንዲሶች ትምህርት ነው። በ1983 ጁን 22 ቀን በ82 ዓመቱ አረፈ። በዚያን ጊዜ ኮልደር ሆል ከተመረቀ 27 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ የተሰጠውን 20 ዓመት አልፎ ገና ይሠራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተተኪዎቹ ታሪክ ነው። ብረቱም ግራፋይቱም በየጊዜው እየተመረመረ፥ የደኅንነቱ ሒሳብ እንደገና እየተሠራ፥ ፈቃዱም ምርመራውን ተከትሎ እየታደሰ፥ ኮልደር ሆል እስከ ማርች 31 ቀን 2003 ድረስ ሠራ። የመጀመሪያው ምድጃ በሥራ ላይ የቆየው ከ46 ዓመት በላይ ነው። በመጨረሻም የተዘጋው የኤሌክትሪክ ዋጋ ረክሶ ገቢው ወጪውን መሸፈን ስላልቻለ ነው። ዕድሜው የረዘመው ግን የሁሉም አይደለም። በርክሊ በ1989፥ በ27 ዓመቱ ተዘጋ። በዌልስ የነበረው የትራውስቪኒድ ጣቢያ በ1991 ለምርመራ ቆሞ፥ በጋኑ ብረት ላይ ጥርጣሬ ስለተነሣ ዳግመኛ አልተነሣም፤ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። የመጨረሻው ዊልቫ ደግሞ ከ1971 እስከ 2015 ድረስ 44 ዓመት አገለገለ። በአንድ ዘመን፥ በአንድ ዓይነት ጥበብ የተሠሩ ጣቢያዎች ዕድሜያቸው እንዲህ መለያየቱ፥ ቁጥር አስቀድሞ የሚያውጅ ሳይሆን መርምሮ የሚፈርድ ሰው እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ይህ ነገር የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕጉ ለአቶም ጣቢያ መጀመሪያ የሚሰጠው ፈቃድ የ40 ዓመት ነው፤ ይህም ቁጥር የተቆረጠው ከብረት ጠባይ ሳይሆን ከገንዘብና ከንግድ ውድድር ሐሳብ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ምርመራ አልፈው እስከ 60 ዓመት፥ አንዳንዶቹም እስከ 80 ዓመት የሚያደርስ ፈቃድ አግኝተዋል። በአፍሪካ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው የኩበርግ ጣቢያ በ1984 ሥራ ጀመረ። 40 ዓመቱ ሲቃረብ የአንደኛው ምድጃ ሦስቱ ታላላቅ የእንፋሎት ማፍያዎች ወጥተው በአዲስ ተተኩ፤ በ2024 የአገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚህ ምድጃ የ20 ዓመት ተጨማሪ ፈቃድ ሰጠ። ውሳኔውን የደገፉ እንደ ነበሩ የተቃወሙም ነበሩ። ደጋፊዎቹ የተሠራ ጣቢያ እያለ አዲስ መሥራት ብክነት ነው ሲሉ፥ ተቃዋሚዎቹ ከአሮጌ ዕቃ ላይ ሕዝብን ማስያዝ አይገባም ብለዋል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ በመካከላቸው የሚፈርደው ግን የብረቱ ምርመራ እንጂ የድምፅ ብዛት ሊሆን አይችልም። መርማሪውም ከጣቢያው ትርፍ የማይካፈል፥ አይሆንም ለማለት የማይፈራ መሆን አለበት።

እንግዲህ ከሂንተን ሕይወት የሚገኘው ፍሬ ይህ ነው። እርሱ የመንደር መምህር ልጅ ሆኖ ተነሥቶ፥ በሦስት ዓመት ጣቢያ አቆመ፤ ጣቢያውን ለ47 ዓመት ያህል ያኖሩት ግን ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። ኮልደር ሆል ሲመረቅ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ሲዘጋ ሠራተኞቹ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ቁራጭ ብረት ሰብረው ያነበቡት፥ የቀደሙት የጻፉትን መዝገብ የተረዱት፥ ያዩትን ጉድለት ሳይሸሽጉ የተናገሩት አንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ፥ በአንድ መምህር ፊት ተቀምጠው መለካትን፥ መጻፍንና እውነት መናገርን ስለተማሩ ነው። 60 ዓመት የሚኖር ጣቢያ በሦስት ትውልድ እጅ ያልፋል። ናይሮቢ ወይም ሌላ የአፍሪካ ከተማ ነገ እንዲህ ያለ ጣቢያ ብታሠራ፥ መሐንዲሶቹንና ገንዘቡን ከሩቅ ልታመጣ ትችላለች፤ በ40ኛው ዓመት ጋኑን መርምሮ ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን ሰው ግን ራሷ አሳድጋ፥ ራሷ አስተምራ ማቆየት አለባት። ያ ሰው ዛሬ ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ነው፤ በእጁ ጠመኔ ይዞ ፊቱ የቆመው መምህርም የዚያን ጣቢያ ዕድሜ ከሚወስኑት አንዱ ነው።